ጋሽ ሀመሶ ከቀለሙ ሥር የጻፉት

ጋሽ ሀመሶ ማረፋቸውን የነገረኝ ዳዊት ልብስ ሰፊው ነው። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ሳፋዎቹን በረንዳው ላይ እየደረደርኩ ስልኬ ጮኸ። ዳዊት ሲደውል ከሰላምታ በፊት ቀልድ ያስቀድማል፤ ያን ቀን ግን "ምሕረት፣ እስቲ ተቀመጪ" አለኝ። መቀመጫ የሚቸግረኝ ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬ ባልዲና ሳፋ መሸጥ ነው። አንዱን ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩበት።

"ቀለም ቀቢው አረፉ" አለኝ።

የተቀመጥኩበት ባልዲ ደህና ባልዲ ነበር፤ አንድ ስንጥቅ የለውም። እሳቸው ቢሆኑ አይገዙትም ነበር። ምን እንደማስብ ሲጠፋኝ ያሰብኩት ይህንን ነው።

ቤታቸው እዚሁ ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ሥር ነው። እኔና ዳዊት ስንደርስ ድንኳኑ ተጥሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ሰው ሞልቶ ነበር። ሰዉ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ ግን አንድ በአንድ እየተነሳ ወደ ቤቱ የጎን ግድግዳ ይሄዳል። ግድግዳው አንድ ቀለም አልነበረውም። ጋሽ ሀመሶ አዲስ ቀለም በበጠበጡ ቁጥር መጀመሪያ የሚሞክሩት በገዛ ቤታቸው ላይ ነበር፤ አንድ መዳፍ የሚያህል ይቀቡና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አስመትተው ያዩታል። ሲጠራቀም ግድግዳው የከተማው ካርታ ሆኗል። ለቀስተኛው እንባውን እየጠረገ የራሱን ይፈልጋል።

"ያቺ የፋርማሲዬ አረንጓዴ ናት።"

"ይሄ የኔ ነው፣ የሳሎኔ! ሚስቴ ያስቀየረችኝ እሱ ነው።"

እኔም የፒያሳውን ሱቄን ሎሚ ቢጫ ከመስኮቱ በታች አገኘሁት። ያ ሱቅ የኔ የሆነው በእሳቸው ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጋሽ ሀመሶን ያወቅኳቸው መናኸሪያ አጠገብ ተከራይቼ በምነግድበት ጊዜ ነው። ብስክሌታቸውን እየገፉ ይመጣሉ። ይነዱታል እንዳልል፣ ብስክሌቱ ላይ ሁልጊዜ መሰላል ስለሚታሰር የሰው መቀመጫ የለውም። ደጃፌ ላይ ይቆሙና "የተሰነጠቀ ባልዲ አለ?" ይላሉ። ሰላምታቸው ይኸው ነው። መጀመሪያ ጊዜ እጅ አጥሯቸው መስሎኝ ደህናውን ባልዲ በቅናሽ ልስጥዎት ብል ተቆጡኝ።

"ደህናውን ውኃ ለሚቀዳበት ሽጪ። ቀለም ስንጥቅ አይፈራም፤ ገብቶ ይደርቅና ራሱ ይደፍነዋል። እኔ ለማይጠቅመኝ ደህንነት ለምን እከፍላለሁ?"

ያን ያህል ዘመን ስነግድ የተሰነጠቀ ባልዲ ኪሳራ ነው ብዬ ነበር የማውቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲጫንና ሲወርድ የሚሰነጠቀውን ሁሉ ለእሳቸው አስቀምጥ ጀመር። ከስብራት ትርፍ ያስገኙልኝ ደንበኛ እሳቸው ብቻ ናቸው።

አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛውን የለመዱት ከግንበኞች ጋር ሲውሉ ነው። ስለዚህ አማርኛቸው አጭርና ጠንካራ ነበር። ለማንም "እርስዎ" አይሉም። የባንክ ሥራ አስኪያጁም "አንተ"፣ ፓስተራቸውም "አንተ" ናቸው። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው "እርስዎ እስክል ቀለሙ ይደርቃል" አሉኝ።

ፒያሳ ያለ አንድ የሆቴል ባለቤት አዳራሹን "ሰማይ አስመስሉልኝ" ቢላቸው፣ ብሩሻቸውን አስቀምጠው "የጠዋቱን ነው ወይስ ሊዘንብ ሲል ያለውን?" ብለው ጠየቁት። ሰውዬው የሚያሾፉበት መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ቀስቅሰው ሐይቁ ዳር ወሰዱትና አቆሙት። "ይኸው ሰማይ። ምረጥ።" ሰውዬው በፒጃማው ቆሞ መረጠ። አዳራሹ ዛሬም የዚያን ቀን ጠዋት ነው የሚመስለው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ግድግዳ ከመቀባታቸው በፊት፣ ከበሩ መቃን አጠገብ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በአናጺ እርሳስ ይጽፋሉ፤ ቀኑን፣ ያሠራውን ሰው ስም፣ ቤቱ ለማን እንደሚቀባ። በጽሑፉ ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፋሉ። ከዚያ ከግድግዳው ጋር አብረው ይቀቡታል። ካልተነገረው በቀር ማንም አያየውም።

"ዱሮ አንዱ ሁለት ጊዜ ቀብቼለት፣ አንዴ ነው የቀባህልኝ ብሎ ግማሽ ዋጋዬን በላኝ" አሉኝ ምክንያቱን ስጠይቃቸው። "ምን አለኝ? ወረቀት የለኝ፣ ምስክር የለኝ። ከዚያ ወዲህ ደረሰኜ ግድግዳው ነው። ግድግዳ ተሸክሞ የሚሸሽ ሰው እስካሁን አላየሁም።"

እኔ ይህንን እንደ ሽማግሌ ጨዋታ ሰምቼ ረሳሁት። የሚሰማ ነገር ሁሉ ዋጋ እንዳለው የገባኝ የመናኸሪያውን ሱቅ ስለቅ ነው።

የሱቁ አከራይ አቶ ሳሙኤል ይባላል። በአንድ መስመር ስድስት ሱቅ ያለው፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ የሚሰካ ሰው ነው። ፊት ለፊት "እርስዎ" ነው የምለው። ይህንን የምጽፈው ግን መያዣዬን ከተቀበልኩ በኋላ ስለሆነ "እሱ" ይበቃዋል።

ስገባ የሦስት ወር ኪራይ መያዣ ሰጥቼው ነበር፤ ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር። ውሉ ላይ "አዲስ ቀለም የተቀባ ሱቅ ተረክቤያለሁ፤ ስለቅም እንደተረከብኩት አስረክባለሁ" የሚል መስመር አለ። አንብቤ ፈረምኩ። እኔ እንግዲህ ዕቃ ሲመጣልኝ እያንዳንዱን ጀሪካን ወደ ፀሐይ አንስቼ ቀዳዳ የምፈልግ ሴት ነኝ። ግድግዳውን ግን ዞር ብዬ አላየሁትም። መናኸሪያ አካባቢ የምንነግድ ሁሉ የምንሠራት ስህተት ናት፤ ቁልፍ በተቀበልንበት ሰዓት መደርደሪያ ገትረን ግድግዳውን በዕቃ እንሸፍነዋለን። ባዶ የዋለ ሱቅ ኪራይ እየበላ ነው የሚውለው፣ ማን ቆሞ ግድግዳ ያያል? የሱቄን ግድግዳ በደንብ ያየሁት በአራተኛ ዓመቴ፣ መደርደሪያዬን ነቅዬ ስወጣ ነው።

የምወጣው ፒያሳ መንገድ ዳር ሱቅ አግኝቼ ነበር። ባለቤቷ ቅድመ ክፍያውን እስከ ቅዳሜ ካላመጣሁ ለሌላ እንደምትሰጠው ነገረችኝ። ሌላው ሰው ደግሞ የፈጠራ ሰው አልነበረም፤ ሜትር ይዞ የበሩን ስፋት ሲለካ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባለችኝ ገንዘብ ዕቃ ገዝቼባታለሁ። የጎደለችኝ ያቺው መያዣ ነበረች። መያዣዋ ካልተመለሰች ፒያሳም የለ፣ መናኸሪያም የለ፤ ከአራት መቶ ባልዲ ጋር መንገድ ላይ ነኝ።

ሐሙስ ዕለት አቶ ሳሙኤል መጣ። ባዶውን ሱቅ ዞረው። ግድግዳውን በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ ጣቱን አየው።

"ምሕረት፣ እህቴ፣ ግድግዳው ተበላሽቷል።"

"መደርደሪያ ስለነበረ ትንሽ ተጫጭሮ ይሆናል፣ አቶ ሳሙኤል።"

"መፋቅ አለ፣ ስቱኮ አለ፣ ሁለት ዙር ቀለም አለ፣ የሠራተኛ አለ። ሳሰላው መያዣሽ እንኳ አይሞላውም። ግን አንቺ ስለሆንሽ ተጨማሪ አልጠይቅሽም።"

ገንዘቤን ወስዶ ምስጋናዬን እየጠበቀ ነበር። "ስገባም እኮ አዲስ አልነበረም" አልኩ።

"አዲስ ነው ብለሽ ፈርመሻል እኮ። ነገ ከምሳ በኋላ መጥቼ ቁልፉን እቀበልሻለሁ፤ በሰላም እንለያይ።"

ሄደ። ደጃፌ ላይ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፤ ግን ስንት ባልዲ በስንት ቀን ብሸጥ ሠላሳ ስድስት ሺህ እንደሚሞላ ሳሰላ አንድ የማውቀው ብስክሌት መሰላል ተሸክሞ መጣ።

"የተሰነጠቀ ባልዲ አለ?"

"ዛሬ የተሰነጠቅኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሀመሶ።"

ነገሩን ነገርኳቸው። ገቡ፤ መዳፋቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ግድግዳውን አሹት፤ መዳፋቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ክሬም ዱቄት ይዞ ወጥቷል፤ ያረጀ ቀለም እንዲህ ነው የሚራገፈው።

"አዲስ ነው ያለው ማነው?"

"ውሉ።"

"ውል ቀለም ቀብቶ ያውቃል?" አሉ። ከዚያ ከመቃኑ አጠገብ ቁጢጥ ብለው በአውራ ጣታቸው አንድ ቦታ ጫን ጫን አደረጉ። "ነገ ከምሳ በኋላ ነው ያለሽ? ዳዊትን ጥሪው። እኔ ቢላዬን ስዬ እመጣለሁ።"

"ኧረ ጋሽ ሀመሶ፣ ቢላ!"

"ለግድግዳው ነው፣ አንቺ!"

ዳዊት ያኔ ከመንገዱ ማዶ ይሰፋ ነበር፤ ከእኔ ብዙ ዓመት በፊት በዚያው ሱቅ ተከራይ ነበር።

ዓርብ ጋሽ ሀመሶ ቀለም ያልነካው ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ቀለም ያልነካው ሸሚዝ እንዳላቸው ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሦስት ባልዲ አስገለበጡኝ፤ በአንዱ እሳቸው ተቀመጡ፣ በሌላው እኔ። ዳዊት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩን ተደግፎ ቆመ፤ ከኋላው የጎረቤት ሱቅ ሴቶች። አቶ ሳሙኤል ሲገባ አንዱ ባልዲ ባዶ ነበር።

"አፊኒ" አሉ ጋሽ ሀመሶ።

የሲዳማ ሽማግሌዎች ነገር ሲጀምሩ እንዲህ ይላሉ፤ ሰማችሁ ወይ? እንደ ማለት ነው። ከተባለ በኋላ ሁሉም የልቡን ይናገራል፣ ሁሉም እስከ መጨረሻ ይሰማል፤ አቋርጦ መውጣት ነውር ነው። አቶ ሳሙኤል የሐዋሳ ልጅ ስለሆነ ያውቃል። ዓይኑ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ።

"ጋሽ ሀመሶ፣ ይሄ የኪራይ ጉዳይ ነው። እርስዎን ምን አገባዎት?"

"የቀለም ጉዳይ ነው አሉኝ። ቀለም ከሆነ ያገባኛል። ቁጭ በል።"

ተቀመጠ። ባልዲው ትንሽ ጮኸ፤ እኔ ለባልዲው አልሰጋሁም።

"ይሄ ሱቅ ከተሠራ ስንት ተከራይ ገባ?"

"ከምሕረት ጋር አምስት።"

"ለእያንዳንዱ ቀባህ?"

"ለእያንዳንዱ። አንዱ ሲወጣ በመያዣው አስቀባለሁ፤ አዲሱ በአዲስ ቀለም ይገባል። አሠራሬ ነው።"

"አምስት ጊዜ።"

"አምስት ጊዜ።"

ጋሽ ሀመሶ ወደ በሩ ዞሩ። "ሰማችሁ?"

"ሰማን!" አለ ዳዊት፣ ከሁሉ አስበልጦ።

"መልካም። አንተ ተናገርክ። እሷ ትናንት ተናግራለች። ያልተናገረ ማን ቀረ?" በጣታቸው መቃኑን ጠቆሙ። "ግድግዳው ቀረ።"

ተነሱ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ለክተው፣ ቢላዋን አስገብተው በአራት ማዕዘን ቆረጡ። ጫፉን በጥፍራቸው አንስተው ሲስቡት ፕላስተሩ ከነቀለሙ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተነሳ። ከሥሩ የእርሳስ ጽሑፍ ወጣ። "አንብብ" አሉት አቶ ሳሙኤልን። አላነበበም። ዳዊት ከበሩ ተስፈንጥሮ ገባና ተንበረከከ።

"ለልብስ ሰፊው ለዳዊት። አሠሪ ሳሙኤል። ... ኧረ ይሄ የኔ ነው! እኔ ስገባ የተቀባው ነው! ጌታዬ፣ ከእኔ በኋላ እኮ ስንት ሰው ገብቶ ወጥቷል! እኔስ ስወጣ ለቀለም ብለው መያዣዬን አልወሰዱም?"

የመለሱለት ጋሽ ሀመሶ ናቸው። "ቆይ፣ ከሥሩም አለ።" ሁለተኛውን ፕላስተር አነሱት። "አዲስ ቤት። አሠሪ ሳሙኤል" ይላል። ከዚያ ሥር ሲሚንቶ ነው።

"ሌላ ሠራተኛም አስቀብቻለሁ" አለ አቶ ሳሙኤል። ድምፁ አሁንም ዝቅ ያለ ነው፤ ልዩነቱ አሁን እሱ ፈልጎ አለመሆኑ ነው።

ጋሽ ሀመሶ አልተከራከሩም። ከኪሳቸው ብርጭቆ ወረቀት አውጥተው፣ ራቅ ብሎ አንድ ቦታ ሲሚንቶው እስኪታይ ክብ አድርገው ፈገፈጉት። መሃሉ ግራጫ፣ ዙሪያው ሰማያዊ፣ ከዚያ ውጪ ክሬም፤ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት።

"ቁጠር።"

ዳዊት ቆጠረ፤ ለመንገዱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። "ሰማያዊ፣ ክሬም። ሁለት!"

"ግድግዳው ሁለት ልብስ ነው ያለው" አሉ ጋሽ ሀመሶ። "ሦስቱን ማን ለበሳቸው?"

ሴቶቹ ሳቁ። አቶ ሳሙኤል ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ። "እሺ፣ ቀለሙ ይቅር። ለጽዳት ትንሽ ልቀንስ" አለ። ጋሽ ሀመሶ እርጥብ ጨርቅ አንስተው መደርደሪያው ያጠቆረውን መስመር ከጫፍ ጫፍ ወለወሉት። ጨርቁን ጨምቀው አንጠለጠሉት።

"ጽዳቱ አለቀ። አሁን ስማኝ። ስድስት ሱቅ አለህ። ስድስቱንም የቀባሁት እኔ ነኝ፤ በስድስቱም መቃን ሥር ፕላስተሬ አለ። ዞረን አንድ በአንድ እንጠይቃቸው ወይስ ይሄኛው የተናገረው ይበቃል?"

አቶ ሳሙኤል ስልኩን አወጣ። እስክሪብቶዎቹን አልነካቸውም። ትንሽ ቆይቶ የእኔ ስልክ ጮኸ። ሠላሳ ስድስት ሺህ፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ሁለቱን ለማረጋገጥ፣ ሦስተኛውን ለደስታ። ከጎረቤቶቼ አንዷ እልል ስትል ባጃጆቹ ሳይቀሩ ቆሙ። ቁልፉን በሁለት እጄ አድርጌ ሰጠሁት፤ ጨዋ ነኝ።

"የኔስ?" አለ ዳዊት።

"ያንተ እኮ ቆይቷል" አለው አቶ ሳሙኤል።

"ቀለሙም ቆይቷል፤ ግን ይኸው አለ" አሉ ጋሽ ሀመሶ። የዳዊት መያዣ በሁለት ዙር ተከፈለ።

ወዲያው ግን አልሄዱም። የፈቱትን ግድግዳ እንደተገለጠ ጥሎ መሄድ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። የፈገፈጉትን ደፈኑ፤ ፕላስተሮቹን መለሱ። ከዚያ እርሳሳቸውን አውጥተው በላያቸው ላይ ሌላ ነገር ጻፉ፤ በጀርባቸው ጋርደው፣ ቀስ ብለው። በአዲስ ፕላስተር ሸፈኑት፤ ከቆርቆሯቸው ትንሽ ክሬም አንስተው ሽፋኑን ብቻ ቀቡት። ምንም ያልሆነ መሰለ።

"ምን ጻፉ?" አለ አቶ ሳሙኤል።

"ቀጣዩ ተከራይ ሲጣላህ ይነበባል።"

ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ከፈልኩ። ያ በር ሲለካ የነበረ ሰው ሜትሩን ይዞ ሲመጣ እኔ ባልዲ ስደረድር ደረሰ። ሳፋ ገዝቶኝ ሄደ።

ለጋሽ ሀመሶ ገንዘብ ብሰጥ እጄን መለሱት። "ባልዲ ስጪኝ። ያልተሰነጠቀ።" ካሉኝ ባልዲዎች ሁሉ ትልቁን መርጬ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ብስክሌታቸውን እየገፉ ፒያሳ መጡ፤ ባልዲው መሰላሉ ላይ ታስሯል።

"ውሰጂው። እንዳይሰነጠቅ እየሰጋሁ ሥራ አቃተኝ።"

በተሰነጠቀ ለወጥኩላቸው። የዋጋውን ልዩነት ልስጥዎት ብላቸው ተቆጡ። ሱቄንም ያኔ ነው ሎሚ ቢጫ የቀቡልኝ፤ በክፍያ፣ ያውም ሳይቀንሱ።

እንግዲህ ለቅሶው ላይ ቢጫዬን አይቼ ተመልሼ ስቀመጥ አቶ ሳሙኤል ገባ። ሽበቱ ጨምሯል፤ እስክሪብቶው አንድ ሆኗል። ከእኔ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ሲያንከራትት ቆይቶ ክሬሟን አገኛት መሰለኝ፣ አጠገቡ ላሉት አዛውንት እንዲህ አላቸው፤

"እንደሳቸው ያለ ባለሙያ አይገኝም። የመናኸሪያውን ሱቄን ከተሠራ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የቀቡልኝ፤ ዛሬም እንዳለ ነው።"

ማዶ የተቀመጠው ዳዊት ሳል ያዘው። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

"ስንት ጊዜ ነው ያሉት፣ አቶ ሳሙኤል?"

ዞሮ አየኝ። ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ሳይፈልግ ሳቀ። "ሁለት" አለ።

"ሰማን" አለ ዳዊት።

ከእኔ በኋላ እዚያ ሱቅ የገባው የስልክ ነጋዴ ባለፈው ወር መልቀቁን ሰምቼ ነበር፤ ጠየቅኩት።

"መያዣውን መለሱለት?"

"ሙሉውን! ያውም በዕለቱ" አለ እንደተቀየመ ሰው። ቀጥሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "አንቺ፣ ያን ቀን ምን ብለው እንደጻፉ ነግረውሻል?"

"አልነገሩኝም።"

"እኔም ይኸው ሦስት ዓመቴ ሳስብ።"

"ቢላ ካለዎት እኮ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።"

አቶ ሳሙኤል የጋሽ ሀመሶን ግድግዳ ረዘም አድርጎ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ።

"ይቅር። እዚያው ይሁን።"

እዚያው አለ። ከመቃኑ አጠገብ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ከክሬሙ ሥር። ከዚያ ወዲህ ማንበብ ያስፈለገው ተከራይ የለም።